አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ወደ ግራ

ጥቅምት 9

ለሊቁ ወንድሜ፣

ጤናህን አልጠይቅም። «ደህና ነኝ» ካልከኝ እናደዳለሁ፤ «አሞኛል» ካልከኝ ደግሞ ላዝንልህ ነው። ለሁለቱም ጊዜ የለኝም።

እማዬን «ስልክ የማታነሳው ምን ሆና ነው?» ብለህ መጠየቅህን ሰምቻለሁ። ምንም አልሆንኩም። አንተን በስልክ ማናገር አቁሜአለሁ፣ በቃ። በስልክ የተባለ ነገር ነገ «እንደዚያ አላልኩም» ይባላል፤ አንተ ደግሞ ለዚህ ነገር ተሰጥዖ አለህ። ከዛሬ ጀምሮ የምትለኝን በወረቀት በለኝ። የምትጽፈውን ሁሉ ለሚዳኘኝ ኮሚቴ ላነበው እንደምችል አውቀህ ጻፍ። ተደብቄ አላጠምድህም፤ ይኸው በግልጽ ነገርኩህ።

አዎ፣ ሪፖርቱ ደርሶኛል። አይደርሳትም ብለህ ነበር እንዴ? አራት ገጽ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የስሌት ፕሮግራሙ ተፈትሾ ጉድለት አልተገኘበትም። ዋሻው መስመሩን የሳተው በቀያሿ የንባብ ጉድለት ነው።» ከሥሩ ፊርማ አለ፤ የስሌት ክፍል ኃላፊ። ፊርማው መጨረሻ ላይ ያቺን ጅራት መጎተት አሁንም አልተውክም።

ኮሚቴው ሊሰማው ስለሚችል ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። የውኃ ማስተላለፊያው ዋሻ ከተራራው ሁለት ወገን ነው የተቆፈረው። የላይኛውን አፍ የምመራው እኔ ነበርኩ። በየመቶ ሜትሩ ሚስማር እየተከልኩ፣ መስመሩ ቀጥ ማለቱን በቅየሳ መሣሪያዬ መነጽር እያየሁ፣ አንተ በሠራኸው የእጅ ማስያ እያመሳከርኩ ሁለት ዓመት ቆፈርን። የታችኛው አፍ ቡድን ከወዲያ መጣ። ነሐሴ ላይ መሀል መገናኘት ሲገባን በአንድ ሜትር ከሰማንያ ተላለፍን።

ታኅሣሥ 20 የቀያሾች ማኅበር ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። በዚህ ሪፖርት ከተፈረደብኝ የሃያ ሦስት ዓመት ፈቃዴ ይነጠቃል። ተነጥቆም አይመለስም። ሌላ ሙያ የለኝም፣ አልፈልግምም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ወንድም በእህቱ ላይ ሲለክክ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

እህትህ


ጥቅምት 17

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። አንቺ ባትጠይቂኝም እኔ ጤና ነኝ።

በመሥሪያ ቤቱ ሾፌር እጅ የላክሻት ብጣሽ ወረቀት ደርሳኛለች። ለአንድ ጥያቄ አራት የጥያቄ ምልክት መደርደር አያስፈልግም ነበር። ማስያውን በምን በምን ማዕዘን እንደፈተሽኩት ነው የጠየቅሽኝ። በሠላሳ፣ በአርባ አምስት፣ በስልሳና በዘጠና ዲግሪ ፈትሼዋለሁ። መልሳቸው በማንኛውም መጽሐፍ የሚገኝ ማዕዘኖች ናቸው። እስከ ስድስተኛው አሃዝ ድረስ ልክ ነው። ሪፖርቱን ከመፈረሜ በፊትም ሰኞ ዕለት በድጋሚ ፈትሼዋለሁ። ወንድምሽ ስለሆንኩ ቁጥሩን ላጣምምልሽ አልችልም።

አሁን እኔም አንድ ነገር ልበልሽ። የመስክ ደብተርሽን ኮፒ አይቼዋለሁ። አሥራ ዘጠኝ ቦታ ላይ የራስሽን ንባብ ሰርዘሽ የማስያውን ጽፈሻል። የራስሽን ንባብ ራስሽ ካላመንሽው ኮሚቴው ለምን ያምነዋል? መነጽርሽን ከለወጥሽ ስንት ዓመትሽ ነው? ሃምሳ ሊሞላሽ ነው እኮ እትዬ። ዓይን ይደክማል፤ ነውር አይደለም።

ኮሚቴው ውስጥ የማውቀው ሰው አለ፤ አነጋግሬልሻለሁ። «ያን ጊዜ ዓይኔ ደክሞ ነበር» ብለሽ ራስሽ ከተናገርሽ በስድስት ወር እገዳ ያልፉሻል። ከተከራከርሽ ግን አይምሩሽም። በዚህ ዕድሜሽ ግትርነት አያምርብሽም። ይህን የምልሽ ለአንቺው ብዬ ነው።

እማዬን ሳሚልኝ። ስለዚህ ጉዳይ ባትነግሪያት ደግ ነው፤ ደም ግፊቷን ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ለሊቁ፣

በሦስት ቀን ውስጥ አከታትለህ ሁለት ደብዳቤ መላክህ ፈርተሃል ማለት ነው። በሁለተኛው «ምን ወሰንሽ?» ብለኸኛል። ወሰንኩ። ዓይኔ ደክሞ ነበር አልልም።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ። ወረቀቱን ከዚህ ጋር አያይዤልሃለሁ፣ ማህተሙን እየው። ሐኪሟ «ለሩቅ ከእኔ ዓይን ይሻላል» ብላኛለች። መነጽሬ ለማንበቢያ ብቻ ነው፤ ያንተን ሪፖርት የመሰለ ነገር ለማንበብ።

ስለ ስረዛው። አንተ ቢሮ ውስጥ ያደግህ ስለሆንክ ላታውቅ ትችላለህ፦ በመስክ ደብተር ላይ ላጲስ አይገባም። ቀያሽ ሲሳሳት በአንድ ቀጭን መስመር ይሰርዝና አጠገቡ ይጽፋል። የተሰረዘው እንዲነበብ ነው የሚሰረዘው። ስለዚህ አሥራ ዘጠኙም ንባቦቼ አሉ፤ ማንም ሊያነባቸው ይችላል። አንተም አንብበሃቸዋል። ምን እንደሚሉ ግን በሪፖርትህ አልጻፍክም። እኔ ልጻፈው። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ ሁለት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ ሰከንድ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የማዕዘን ሰከንድ፤ የአንድ ዲግሪ ሦስት ሺሕ ስድስት መቶኛ። ትንሽ ነው፣ በጣም ትንሽ። ግን አሥራ ዘጠኙም ወደ ግራ ናቸው። አንድም ወደ ቀኝ የለም። የደከመ ዓይን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ይስታል እንጂ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ወገን አይስትም። ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ማስያው ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ዜሮ አለኝ። ቀጥ ብለሻል፣ ቀጥዪ አለኝ። ለምን የማስያውን ጻፍኩ? መመሪያ ስለነበረ። «በንባብና በማስያ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ደቂቃ በታች ከሆነ የማስያው ቁጥር ይያዝ።» ይህን መመሪያ ማን እንዳረቀቀው ታውቃለህ፤ በጸደቀበት ሰሞን ለእማዬ ሳይቀር አንብበህላታል።

ነሐሴ ላይ የሆነውን አንተ አላየህም። እነዚያ ከወዲያ ሲቆፍሩ ይሰማን ነበር። ሁላችን ፊት ለፊት እያየን ነበር የምንጠብቀው። የሚስማር ዘንግ የሚይዝልኝ ጋሽ ዘንጌ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈና «ኢንጂነር፣ ሰዎቹ በቀኝ ጎናችን ናቸው» አለኝ። በግራ ሄደናል ማለት ነው። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ያንን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ካቻምና ሚያዝያ ለታችኛው አፍ የማስያውን ፕሮግራም አዲስ ቨርዥን መላክህን ሰምቼ፣ «እኔስ ልጫነው?» ብዬህ ነበር። በእጅህ ጽፈህ መለስክልኝ፦ «ያንቺ በቂ ነው፤ አትነካኪው።» ወረቀቷ አለችኝ። ለምን አትነካኪው አልከኝ?

እህትህ


ኅዳር 11

እትዬ፣

ለምን በእማዬ በኩል ታስጠይቂኛለሽ? ባለፈው እሑድ ደውላ «ልጄ፣ አትነካኪው ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። እንዳትነግሪያት ለምኜሽ ነበር። ልመናዬን ከቁም ነገር አልቆጠርሽውም።

የጥያቄሽ መልስ ቀላል ነው። በሥራ መሀል ማስያ አይቀየርም፣ በቃ። አዲሱ ቨርዥን ጥቃቅን ማሻሻያ ብቻ ነበረው። ለታችኛው አፍ የላክሁት እነሱ አዲስ ማስያ ስለገዙ ነው። ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለበትም።

እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢው። ይህን ነገር ለኮሚቴው ብታነሺው የሚጎዳው ማን ነው? አንቺ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ልዩነት አይተሽ አንድም ቀን ለአለቃሽ ሪፖርት አላደረግሽም። መመሪያው የማስያውን ጻፊ ይላል እንጂ ዝም በይ አይልም። ይህን እኔ እስካሁን አላነሳሁብሽም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ የምትጎረጉሪው ጉድጓድ ውስጥ አንቺም አለሽ።

ልጆች አሉኝ። ይህን ክፍል ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አንቺ ከተራራ ተራራ ስትዞሪ እማዬን ሆስፒታል ያመላለስኳት እኔ ነኝ። ይህንንም ለኮሚቴው አንብቢላቸው።

ከዚህ በኋላ ብትጽፊልኝ አልመልስም።

ወንድምሽ


ኅዳር 20

ለስሌት ክፍል ኃላፊ፣

አልመልስም ብለሃል፤ አትመልስ። ማንበብ ግን ታነባለህ፤ ሳትከፍተው እንደማታድር አውቃለሁ።

እማዬን ያመላለስካት አንተ ነህ። እውነት ነው፤ ለዚህ አመሰግንሃለሁ። ምስጋናውን ከሌላው ነገር ጋር አትቀላቅልብኝ።

ማክሰኞ ዕለት ጋሽ ዘንጌን ወደ ታችኛው አፍ ላክሁት። የታችኛውን ቀያሽ ማስያውን ለአንድ ቀን እንዲያውሰኝ ጠይቆልኝ ይዞት መጣ። ሰውዬው ምንም ሳይጠይቅ ነው የሰጠው፤ እሱም የሆነ ነገር ጠርጥሯል መሰለኝ። መጋዘኑ ውስጥ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጠን ሁለቱን ማስያዎች ጎን ለጎን አደረግናቸው። የሚስማሮቼን መገኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ፣ ተመሳሳይ ቁጥር ተመሳሳይ ቅደም ተከተል፣ በሁለቱም አስገባሁ። ጋሽ ዘንጌ ጮክ ብሎ እያነበበ እኔ ጻፍኩ።

በአዲሱ፦ አሥራ ዘጠኝ ወደ ግራ። ሃያ ሁለት ወደ ግራ። አሥራ ስምንት ወደ ግራ። የሰረዝኳቸው ቁጥሮች አንድ በአንድ እየተነሱ መጡ።

በእኔው፦ ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። አሥረኛው ላይ ጋሽ ዘንጌ ማስያዬን ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን አየና «ኢንጂነር፣ ይሄ ዕቃ ሌላ ቁጥር አልተማረም እንዴ?» አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ እንባ ሆነብኝ፤ ሽማግሌው ደንግጦ ውኃ ሊያመጣ ወጣ።

ከዚያ ሌላም ነገር ሞከርኩ። ማዕዘኑን ከዜሮ ጀምሬ በአንድ በአንድ ሰከንድ እያሳደግሁ ለማስያዬ ሰጠሁት። እስከ ሃምሳ ድረስ ዜሮ ይላል። ከሃምሳ በኋላ ዘልሎ ሰባ አንድ ይላል። ከዚያ ደግሞ ዘልሎ መቶ አንድ። በመካከል ያለውን ሁሉ አያውቀውም። መቼም ይህን ሳታውቅ አትቀርም።

ታውቅ ነበር። ሚያዝያ ላይ ታውቅ ነበር። ያን ጊዜ ዘጠነኛው ሚስማር ላይ ነበርኩ፤ የሳትነው ገና አርባ ሳንቲ ሜትር ነበር። ደብዳቤህ ውስጥ ሦስት ቃል ብትጨምር በአንድ ሳምንት አስተካክዬው ነበር። አንተ ግን «አትነካኪው» አልከኝ። ከነካሁት የድሮዎቹ ቁጥሮች ይለወጣሉና «ለምን ተለወጡ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬን ፈርተህ ተራራ አስበሳኸኝ። ከዚያም ያን ያልከኝን ሰኞ አዲሱን ቨርዥን ፈትሸህ «ጉድለት አልተገኘበትም» ብለህ ፈረምክ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አንድ ወር አለህ። እውነቱን አንተ ጻፈው፤ አለዚያ እኔ ሁለቱን ማስያዎች ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ እናገረዋለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 3

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ለኮሚቴው እንደምታነቢው አውቄ ነው የምጽፈው። አሁን ሰዓቱ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ተኩል ሆኗል፤ ቢሮው ባዶ ነው። ጠዋት ከጀመርኩ ስድስተኛው ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ረዝሞብሽ ብታገኚው አትሳደቢ።

ስሕተቱ የእኔ ነው። ኮሚቴው እንዲገባው በቀላሉ ላስረዳ። ማስያው አንድን ቁጥር የሚይዘው እስከ ሰባት አሃዝ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሆነውን ያጠጋጋዋል። እኔ ማዕዘኑን የማገኘው በኮሳይን ነበር። የሃያ ሰከንድ ማዕዘን ኮሳይኑ ከነጥብ በኋላ ስምንት ዘጠኞች ተደርድረው ከዚያ አምስትና ሦስት ነው። ማስያው ይህን መያዝ አይችልም፤ አንድ ብሎ ይይዘዋል። ኮሳይኑ አንድ የሆነ ማዕዘን ደግሞ ዜሮ ነው። ማዕዘንሽ ሳይሰላ በፊት ጠፍቷል ማለት ነው። በሠላሳና በአርባ አምስት ዲግሪ ስፈትሸው ይህ አይታይም፤ ትልልቅ ማዕዘኖች ላይ ምንም ጉዳት የለውም። ትንንሾቹን አልፈተሽኩም። መልሳቸው መጽሐፍ ላይ ስላልነበረ።

ካቻምና መጋቢት የታችኛው ቀያሽ አንድ ቁጥር አልገጥም ብሎት ደውሎ ነገረኝ። በአንድ ቀን አገኘሁት። ከኮሳይን ወደ ታንጀንት መንገድ ቀየርኩት፣ ሁለት መስመር ኮድ ነው። ሁለት መስመር፣ እትዬ። ለእሱ ላክሁለትና «ጥቃቅን ማሻሻያ» ብዬ ጻፍኩበት።

ለአንቺ ለምን እንዳልላክሁ ጠይቀሻል። የክፍል ኃላፊነቱ በዚያው ሳምንት ነበር የሚወሰነው። ይህ አንዱ ምክንያት ነው፤ ግን ትልቁ አይደለም። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ማስያውን በሰጠሁሽ በመጀመሪያው ወር፣ «ትንንሽ ማዕዘን ላይ ዜሮ ይልብኛል» ብለሽኝ ነበር። ሁለት ባልደረቦቼ ባሉበት «አንቺ ሚስማርሽን ትከዪ፣ ሒሳቡን ለእኛ ተዪ» ብዬ ሳቅሁብሽ። ምናልባት ረስተሽዋል። እኔ ግን ስሕተቱን ባገኘሁ ዕለት ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ሌላ ማንም ቢሆን ኖሮ እነግረው ነበር። አንቺ ትክክል ነበርሽ ማለት አቃተኝ። በአርባ ሳንቲ ሜትር ስሕተት ሥራው አይቆምም፣ ከወዲያ ያሉት ያስተካክሉታል ብዬ ራሴን አታለልኩ። በየወሩ ያንቺን የቁፋሮ ሪፖርት ሳላነበው ፋይል ውስጥ አስገባው ነበር።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ብጠይቅሽ እንደማትቀበይኝ አውቃለሁ፤ ለኮሚቴው ብዬም የሐሰት ይቅርታ አልጽፍም። ግን አንድ ነገር ልበልሽ፣ ይህንንም አንብቢላቸው፦ አንቺም ንጹሕ አይደለሽም። ዓይንሽ ያየውን አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በገዛ እጅሽ ሰርዘሻል። እኔ ማስያውን አበላሸሁት፤ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ያመንሽው ግን አንቺ ነሽ።

ፈርሜአለሁ። ጅራቷንም አልጎተትኳትም።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 27

ለወንድሜ፣

«ምን አሉሽ?» የምትለው መልእክትህ በእማዬ በኩል ደርሶኛል። ለራስህ በወረቀት ልንገርህ።

ደብዳቤህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። የመጨረሻውን አንቀጽም አልዘለልኩም። ሊቀመንበሯ ረጅም፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ እንደ እኔው መስክ ላይ ያረጀች ሴት ናት። ስታዳምጥ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለች። ከጎኗ የነበረው ሰውዬ፣ ያ «የማውቀው ሰው» ያልከኝ መሰለኝ፣ ከወረቀቱ ቀና አላለም።

ፈቃዴን አልነጠቁኝም። ነፃ ነሽ አሉኝ። ማጨብጨብ ብቻ ነበር የቀራቸው።

ልወጣ ስል ሊቀመንበሯ «አንድ ጥያቄ» አለች። «ነገ መስክ ወጥተሽ ዓይንሽና ማስያው ቢለያዩ የቱን ትጽፊያለሽ?» አለችኝ። ቆምኩ። ደብተሬን ገልጬ የተሰረዙትን አየኋቸው። እሷም አልገፋችኝም፤ «አስቢበት» አለችኝና ዶሴውን ዘጋችው።

እያሰብኩበት ነው። ከዚያ ወዲህ እጄን አላምነውም። ሐሙስ ዕለት ለጎረቤቴ የበር መቃን ለካሁላት፤ አንድ ተራ የበር መቃን። አምስት ጊዜ ለካሁት። አምስቱም አንድ ነበሩ። ያም ሆኖ «አናጺው ራሱ ይለካው» አልኳት። ሃያ ሦስት ዓመት የኖርኩበት ዓይን ነው። ዋሻውን ወስደህብኝ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ግድግዳውን አስፍተን ጨርሰነዋል፣ ውኃውም ያልፋል። አንተ የወሰድክብኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ኮሚቴ አይመልስልኝም። የመጨረሻው አንቀጽህ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የሚያቃጥለኝ።

ከሥራህ መታገድህን ሰምቻለሁ። አላዘንኩም። «አዝኛለሁ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ሆነብኝ።

ይቅርታ አትላክልኝ፣ ገጹን አታበላሽ። ከዚያ ይልቅ አንድ ነገር አጣራሁ። ያ የድሮው ማስያ ለአርባ አንድ ሰው ነው የተሰጠው። የእኔ ሰባተኛው ነው። ሌሎቹ አርባዎች ዛሬም መንገድ ላይ፣ ቦይ ላይ፣ ድልድይ ላይ ቆመው ዜሮ እያነበቡ ነው። ማንም አልነገራቸውም። ጻፍላቸው። በስምህ፣ በፊርማህ ጻፍላቸው። እስክትጽፍላቸው ድረስ ለእኔ አትጻፍልኝ።

እማዬ ለምን እንደታገድክ አታውቅም። አልነገርኳትም፤ የሚነግራት አንተ ነህ።

እህትህ


ጥር 10

ለማስያ ቁጥር 7 ባለቤት፣

ክቡር ባለሙያ፣

ይህ ማሳወቂያ የሚመለከተው ማስያ በእጅዎ የሚገኝ በመሆኑ ይህንን እጽፍልዎታለሁ። ከኃላፊነቴ የታገድኩ ብሆንም ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ማሳወቁ የእኔ ግዴታ ነው።

ማስያው ከሃምሳ ሰከንድ በታች የሆነን ማንኛውንም ማዕዘን ዜሮ ብሎ ያሳያል። ስሕተቱን ካቻምና መጋቢት አውቄ ለተጠቃሚዎች አላሳወቅሁም። እባክዎ ማስያውን መጠቀም ያቁሙ። አዲሱ ቨርዥን በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። የማስያው ቁጥር ይያዝ የሚለውን መመሪያ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ መመሪያው ተሽሯል። ከእንግዲህ የዓይንዎ ንባብ ይያዝ።

እያንዳንዱ ባለቤት በማስያው የሠራቸውን ሥራዎች መልሼ አስልቼአለሁ። የእርስዎን ደብተርም አስልቼዋለሁ፤ የስሌት ወረቀቱ ተያይዟል። ከአሥራ ዘጠኙ ንባቦችዎ አሥራ ስምንቱ ከትክክለኛው በሦስት ሰከንድ ውስጥ ናቸው። እንዲህ ያለ እጅ በሌሎቹ አርባ ደብተሮች ውስጥ አላገኘሁም። አሥራ አራተኛው ብቻ በአሥራ አንድ ሰከንድ ይለያል፤ እርስዎ ሃያ አንድ ጽፈዋል፤ በስሌቴ አሥር ነው የሚሆነው። በዋሻ ውስጥ በአቧራና በእርጥበት ይህን ያህል መሳሳት የሚጠበቅ ነው።

አርባ አንዱም ደብዳቤዎች በዛሬው ቀን ተልከዋል። የእርስዎን በመጨረሻ ጻፍኩት።

ለእናታችን ትናንት ነግሬአታለሁ።

የፕሮግራሙ ጸሐፊ


ጥር 19

ለፕሮግራሙ ጸሐፊ፣

ማሳወቂያው ደርሶኛል። አሥራ አራተኛውን በተመለከተ ግን እንነጋገራለን።

ደብዳቤህን ባነበብኩ ማግስት ጋሽ ዘንጌን ይዤ ዋሻው ገባሁ። ውኃ ሊለቀቅበት አራት ቀን ነው የቀረው፣ ጥበቃዎቹን ለምነን ነው የገባነው። አሥራ አራተኛው ላይ መሣሪያዬን ተከልኩ። ጋሽ ዘንጌ አሥራ አምስተኛው ላይ ዘንጉን አቆመ። ማስያ አልያዝኩም፤ አዲሱንም መጋዘን ትቼው ነው የመጣሁት። አንዴ አነበብኩ። እንደ ሙያው ደንብ የመሣሪያውን መነጽር ገልብጬ ሁለተኛ አነበብኩ። ሃያ አንድ። ሁለቱም ጊዜ ሃያ አንድ ወደ ግራ። ሦስተኛ አላነበብኩም።

ወጥቼ ያያያዝክልኝን የስሌት ወረቀት ከደብተሬ ጋር አመሳከርኩ። የአሥራ አምስተኛው ሚስማር መገኛ መጨረሻ ላይ ያለው ሚሊ ሜትር ሦስት ነው። አንተ አሥራ አራተኛውን ስታሰላ ብቻ ስምንት ብለህ ነው ያስገባኸው። አምስት ሚሊ ሜትር በመቶ ሜትር ላይ ያንን አሥራ አንድ ሰከንድህን ይሰጥሃል። አቧራና እርጥበት ያልከው አንተው ጋ ነው።

የተሳሳትክ አንተ ነህ። የእኔ ንባብ ሃያ አንድ ነው። አርመህ ላክልኝ።

ቀያሿ